ጅራፉን በምን ይይዘዋል?

ሥዕል የሚሥል ሰው ሐሳቡን ከየት ያገኛል? ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼም የሥራ ባልደረቦቼም በተለያየ ጊዜ አቅርበውልኛል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች የሚጠብቁት መልስ አላቸው። ሠዓሊ ማለት በመስኮት አሻግሮ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲተክዝ ቆይቶ በድንገት ብሩሹን የሚያነሣ ሰው ይመስላቸዋል። እኔ በሙያዬ አስተማሪ ነኝ፤ ዲፕሎማዬም የመምህርነት ነው። ይሁን እንጂ በአስተማሪነቴም ሆነ ኋላ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅ በሆንኩበት ዘመን፣ የመጻሕፍቱን ሥዕልና የገጾቹን አቀማመጥ የመሥራት ዕጣ ደጋግሞ ደርሶኛል። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጦ ማምሸት ምን እንደሆነ ጠንቅቄ ዐውቃለሁ። ስለ ሰማዩ ግን ብዙ የምናገረው የለኝም። የእኔ ትምህርት የተጀመረው ከታች፣ ከእርሻ ጭቃ ውስጥ ነው።

በ1972 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገበሬ ማኅበሩ ተስፋፍቶ ስለነበር፣ ቀን ሕፃናትን የማስተምርበት ክፍል ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ለጎልማሶች ይከፈታል። ተማሪዎቼ ሲያርሱ የዋሉ ገበሬዎች፣ ሲፈጩና ውሃ ሲቀዱ የዋሉ እናቶች ናቸው። ሁሉም ለማለት ይቻላል በዕድሜ ይበልጡኛል። እኔ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ስሆን ተወልጄ ያደግሁትም አዲስ አበባ ነው።

ፊደል ማስቆጠሩ እንዲቀልልኝ በማሰብ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ትልልቅ ሥዕሎች ለማዘጋጀት ወሰንኩ። ለ«በ» የመረጥኩት በሬ ነበር። በሬ ብቻውን ቆሞ ከማሳየው ሲያርስ ላሳየው ብዬ፣ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ከነበረ አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ የአንድ አራሽ ሥዕል አገኘሁ። አራሹ ባርኔጣ የደፋ ነጭ ገበሬ ነው፤ የሚያርሰውም በፈረስ ነው። ባርኔጣውን አውልቄ ጋቢ አለበስኩት፤ ፈረሶቹን ወደ በሬ ለውጬ ሻኛ ጨመርኩላቸው። ሥራው ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁትና ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ያምር ነበር።

በማግሥቱ ማታ ሥዕሉን ሰቅዬ ፋኖሱን አስጠጋሁ። ለጊዜው ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ ሰማሁ። ከኋላ መደብ ላይ ይቀመጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ወደ ሥዕሉ ቀረብ ብለው ብዙ ካዩ በኋላ፣

«መምህር፣ ይህ ሰው ጅራፉን በምን ይይዘዋል?» አሉኝ።

ጥያቄው በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ያ የውጭ አገር ማረሻ ሁለት መያዣ ያለው ስለሆነ አራሹ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። እኔም ሳላስተውል ሁለቱንም እጆች እንዳሉ ገልብጫለሁ። የእኛ አገር ገበሬ ግን አንድ እርፍ ነው ያለው፤ በአንድ እጁ እርፉን ይጨብጣል፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስሕተቱ የሚያሳፍር ቢሆንም ከስሕተቱ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የሰጠሁት መልስ ነው። «ሥዕል እኮ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ሽማግሌው ዐይን ዐይኔን አዩኝ፤

«እሱስ ሥዕል ነው። ሥዕሉ የማያውቀውን ካወራ ፊደሉንስ በምን ልመነው?» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በማግሥቱ ማታ መደቡ ላይ አልነበሩም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም።

ጥፋቴን በላጲስ ላርም ሞከርኩ። አንደኛውን እጅ ደምስሼ ጅራፍ አስያዝኩት። ሰውየው ግን የባሰውን አስቀያሚ ሆነ። በሁለት እጁ ሊይዝ የተሣለ ሰው ትከሻው እኩል ነው፤ አንዱ እጅ ሲነሣ ትከሻው፣ ወገቡ፣ የእግሩ አረጋገጥ ሁሉ መለወጥ አለበት። እንዴት እንደሚለወጥ ደግሞ አላውቅም። ዐይኔን ጨፍኜ አራሽ ገበሬ በሐሳቤ ለማየት ሞከርኩ፤ የሚመጣልኝ ያ ባርኔጣ የደፋው ሰው ነው። ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤት ስመላለስ በየቀኑ በእርሻ መካከል አልፋለሁ። አንድም ቀን ቆሜ አላየሁም ማለት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ወደ ሽማግሌው ማሳ ሄድኩ። በሬዎቹ በየመስኩ ሣር ይግጣሉ፤ ቀንበሩ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። «ቅዳሜም እኮ ሰንበት ነው» አሉኝ ፈገግ እንደማለት ብለው፣ «በሰንበት ማን ያርሳል? ማክሰኞ ና»። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ስሕተቴ መሆኑ ነው።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ደረስኩ። «እግዜር ያበርታዎ» ብላቸው ሰላምታውን ተቀብለው በሬዎቹን ሳያቆሙ እስከ ማሳው ጫፍ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ አቁመው ዕቃውን በበትራቸው እየነኩ ስም ስሙን ነገሩኝ። ሞፈሩ ከታች ተነሥቶ በሁለቱ በሬዎች መካከል አልፎ ከቀንበሩ ጋር በምራን ይታሰራል። ከሥር ማረሻው አለ፤ ብረት ነው። በግራና በቀኝ ያሉት እንጨቶች ድግር ይባላሉ፤ ማረሻው የሰነጠቀውን አፈር ወደ ጎን የሚገልጡት እነርሱ ናቸው። ወገሉ ያያይዛቸዋል። በበሬዎቹ አንገት ግራና ቀኝ የሚወርዱት ዘንጎች ማነቆዎች ናቸው። እኔ እያንዳንዱን ስም በወረቀቴ ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ። ጥቂት ከጻፍኩ በኋላ አጎንብሰው ወረቀቱን ተመለከቱና «የቱ ነው ሞፈር የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። በጣታቸው ቃሉን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

ከዚያም እርፉን አስያዙኝ። ማረሻው ሁለት ክንድ እንኳ ሳይሄድ ከመሬት ዘሎ ወጣ። ወደ ታች ስጫነው ደግሞ ተተክሎ ቀረ። በሬዎቹ እንኳ የታዘቡኝ መሰለኝ። «በእጅህ አትግፋ፣ ልጄ፤ በወገብህ ተጫን» አሉኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ መምህር ሲሉኝ ቆይተው ነበር። እንዳሉኝ ሳደርግ አንድ ነገር ገባኝ፤ የገባኝም በዐይኔ ሳይሆን በጀርባዬ ነው። አራሽ ሰው ክንዱ ቀጥ ይላል፣ ክብደቱ ወገቡ ላይ ነው፣ ዐይኑ ደግሞ ማረሻውን ሳይሆን ፊት ለፊት ትልሙ የሚሄድበትን ያያል። ከአራሹ ተረከዝ እስከ በሬው አንገት አንድ ረጅም መሥመር ይዘረጋል። ያን መሥመር የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢተወው እንኳ ተመልካች ያርሳል ይላል፤ ያን መሥመር የሳተ ሰው ግን ጋቢውንና ሻኛውን የቱንም ያህል ቢያሳምር አያርስም።

በዚያ ቀን ከሣልኳቸው አንዱም አልረባም። አራት ማለዳ ተመላልሻለሁ። ደጋግሜ ስሥል የመሥመሮቹ ብዛት እየቀነሰ ሄደ።

በዚያው ሰሞን እሑድ በአካባቢው ወዳለው ደብር ገባሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። የዚህን ዓይነት ሥዕል ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ዳሩ ግን የሥዕል ደንብ ያልተማረ ሰው የሠራው ስለሚመስለኝ ልብ ብዬ ተመልክቼው አላውቅም ነበር። የሽማግሌው ጥያቄ ገና ጆሮዬ ላይ ስለነበረ፣ በዚያ ቀን ሠዓሊው ይህን ለማን ሣለው እያልኩ አየሁት። ቅዱሳኑና ደጋጎቹ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ሁለቱም ዐይኖቻቸው ይታያሉ፤ ክፉዎቹ ግን በጎን ስለተሣሉ የሚታየው አንድ ዐይናቸው ብቻ ነው። ይህ የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን የቆየ ደንብ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴት ከበር እንደገባች ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ ሰው ሳትጠይቅ ትለያለች። እኔ ያልተማረ ያልኩት ሠዓሊ ስለ ተመልካቹ ከእኔ በብዙ አብልጦ አስቦ ነበር።

የደብሩ መሪጌታ ሥዕል እንደምሞክር ሲሰሙ አንድ የብራና መጽሐፍ አውጥተው አሳዩኝ። ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ የገጽ ቅንብር የሚባለውን ሙያ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያይ የራሱን ሥራ አያት ያገኘ ይመስለዋል። ብራናው ተፍቆ ከተዘጋጀ በኋላ ጸሐፊው ዳር ዳሩን በወስፌ ይበሳዋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው መሥመር ያሰምራል። ፊደሎቹ በዚያ መሥመር ላይ በዐምድ በዐምድ ይሰለፋሉ። ጽሕፈቱ ጥቁር ሲሆን የአምላክና የቅዱሳን ስሞች፣ አዲስ ሐሳብ የሚጀምርባቸው ቦታዎች በቀይ ይጻፋሉ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ሐረግ ይሣላል፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ነው። መሪጌታ ገጹን በጣታቸው እያሳዩ «ቀዩ ዐይንህን ያሳርፈዋል፤ ጠፍቶብህም ከነበረ መንገዱን ይመልስሃል» አሉኝ። ቀይ ቀለም ለጌጥ ብቻ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ የመማሪያ መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከባልደረቦቼ መካከል፣ በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ወጣት ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ የንባብ መጽሐፍ ሽፋን እንድሠራ ታዘዝኩ። በማተሚያው ወጪ ምክንያት የተፈቀደልኝ ሁለት ቀለም ብቻ ነው፤ ጥቁርና አንድ ሌላ። ሳምንቱን ሙሉ ምንም አልመጣልኝም።

ሐሳብ ፍለጋ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ሄድኩ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚህ ሕንፃ ውስጥ የታላቁ ሠዓሊ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ። 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በሦስት ክፍሎቹ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነፃነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ፀሐይ ከውጭ ስትመታው ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት። ወደ ቢሮ ተመልሼ ልክ እንደዚያ ያሉ በወፍራም ጥቁር መሥመር የተከፋፈሉ ቀለሞች ሽፋኑ ላይ ደረደርኩ። የሙከራው ኅትመት ሲመጣ ጭቃ ይመስል ነበር። ጥፋቱ የአፈወርቅ አይደለም። መስታወቱን ከጀርባው የምታበራ ፀሐይ አለችው፤ ወረቀት ግን ከጀርባው የሚያበራለት ነገር የለውም። እኔ የወሰድኩት መልኩን ነው፤ መልኩን የወለደውን ብርሃን ልወስድ አልችልም። ያ ባርኔጣ የደፋ ሰው ሌላ ልብስ ለብሶ ተመልሶ መጣብኝ።

ወጣቱ ባልደረባዬ የሙከራውን ኅትመት አይቶ ሳቀና «ስንት ቀለም አለህ?» አለኝ።

«ሁለት» አልኩት።

«እስቲ እንደገና ቁጠር» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ተናደድኩበት። ከሁለት ሌላ ከየት ይመጣል?

በዚያው ሳምንት በዓል ነበርና አክስቴ ቤት ተጠራሁ። ምግቡ እስኪቀርብ አጠገቤ የነበረውን መሶብ ማየት ጀመርኩ። አክስቴ ራሷ የሰፋችው ነው። ያለወትሮዬ የቀለሞቹን ብዛት ቆጠርኩ። ቀይ አለላና ጥቁር አለላ፤ ሌላ ቀለም አልተነከረም። ሆኖም ከሁሉ በላይ ዐይን የሚስበው የትኛውም ቀለም ያልነካው የአክርማው የራሱ መልክ ነው፤ ኮከቡን የሠራችው በእርሱ ነው። ያልተቀባው ቦታ ትርፍ ቦታ ሳይሆን ሦስተኛ ቀለም ነበር። አክስቴን እንዴት እንዳሰበችው ብጠይቃት «ምኑን?» አለችኝ፤ አለላ ውድ ስለሆነ ባነሰ አለላ መስፋት ከእናቷ የተማረችው ነገር መሆኑን ነገረችኝ። ማክሰኞ ቢሮ ስገባ የወረቀቱን ነጭ እንደ ቀለም ቆጠርኩት። ሽፋኑ በሁለት ሰዓት አለቀ። ባልደረባዬ አይቶ ምንም ሳይለኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ከእርሱ ይህ ብዙ ምስጋና ነው።

ከዚያ ወዲህ በኪሴ ትንሽ ደብተር እይዛለሁ። የፀጉር አስተካካይ ቤት ሰሌዳ፣ የጥለት ጠርዝ፣ አንድ ሰው ሸክም ሲያነሣ ጉልበቱ የሚታጠፍበትን ሁኔታ በጥቂት መሥመር እመዘግባለሁ። ከምመዘግበው አብዛኛው ለምንም አያገለግልም፤ ደብተሮቹ ቤት ውስጥ ቦታ እየያዙ ባለቤቴን አስመርረዋታል። ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን ባዶ እጄን አልቀመጥም። ዛሬ ወጣቶቹ በኮምፒዩተር ይሠራሉ። አንድ ቃል ጽፈው በቅጽበት በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ፊታቸው ላይ ይደረደርላቸዋል፤ እኔ ከነበረችኝ አንዲት የሣጥን መጽሐፍ ጋር ሲወዳደር ትልቅ ሀብት ነው። የእርሻ ሥዕል ይዘውልኝ ሲመጡ ግን ሳላስበው እጆቹን እቆጥራለሁ።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። አዲሱን ሥዕል የሰቀልኩት በግንቦት ወር መጨረሻ ገደማ ነበር። ሽማግሌው ማለዳ ማለዳ በማሳቸው ቢያስተናግዱኝም ወደ ማታው ትምህርት እንዲመለሱ አልጠየቅኋቸውም፤ ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም። በዚያ ምሽት ዝናብ ስለነበረ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ በሩ ተከፈተና ጋቢያቸው እየተንጠባጠበ ገቡ። ወደ መደቡ አልሄዱም። ፋኖሱን ከጠረጴዛው አንሥተው ወደ ሥዕሉ አስጠጉትና መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ እርፉን፣ ከዚያ ወገሉን አዩ። በሬዎቹ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የግራው በሬ አንድ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ እንዳየሁት ሣልኩት እንጂ አስቤበት አልነበረም።

«ይኼማ ዳልቻ ነው» አሉ።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ። «ስሙን ጻፍበት እንጂ» አሉኝ። እርሳሱን አቀበልኳቸው። ፋኖሱን ተቀብዬ ያዝኩላቸው። በበሬው ሆድ ሥር ለመጻፍ ብዙ ደቂቃ ወሰደባቸው፤ ከእያንዳንዱ ፊደል በኋላ እርሳሱን አንሥተው ያረፉበትን ቦታ በጣታቸው ይጠብቃሉ። ሲጨርሱ ራቅ ብለው አነበቡት። የጻፉት «ዳልጫ» ብለው ነው።

እርማት አላደረግሁበትም። ሥዕሉ እስከ ክረምቱ ድረስ ከነስሙ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቆየ።